የደመወዝ ሰሞን የምትታመም መኪና

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ለሰው ልጅ ቢሆንም፣ በሽታን በመደበቅ ረገድ አሮጌ አውቶሞቢልን የሚስተካከል የለም። ከመንገድ መካከል ጠፍታ ባለቤቷን በፀሐይ ታቆመዋለች፤ ከኋላው ጥሩምባ ታስጮኽበታለች፤ ተገፍታ ጋራዥ በደረሰች ጊዜ ግን ቁልፉ ገና እንደ ዞረ ትነሣና እንደ ጨዋ ልጅ ጸጥ ብላ ትሠራለች። መካኒኩ ጆሮውን ጣል አድርጎ ያዳምጥና «ጌታዬ፣ ምንም የለባትም» ይላል። ባለቤቱም በሐሰት እንደ መሰከረ ሰው ዐፍሮ ይመለሳል።

ውድ አንባቢያን፤ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናወጋው መጣ ሄድ ስለሚል እንደዚህ ያለ ብልሽት ነው። «እኔ ከሁለት እግሬ በቀር ሌላ መኪና የለኝ፤ ምን አገባኝ?» የሚል ተማሪ ወይም ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው ጸሐፊ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ። ነገሩ ከመኪናዋ አልፎ እስከ ሰው ስም ድረስ ይሄዳልና።

በከተማችን የመኪና ዕድሜ ረጅም ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚመጡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ያለችውን እያስጠገነ መኖር ግድ ሆኖበታል። የጥገናውም ቋንቋ ራሱ አሮጌ ነው። «ካዛንቺስ» የሚለው የሰፈር ስም የመጣው ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረሩበት ዘመን ለመንግሥታቸው ሠራተኞች ካሠሯቸው «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች መሆኑ የታወቀ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ የሚሉት የጋራዥ ቃሎችም ከዚያው ቋንቋ ቀርተውልናል። አሮጌው ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት በፈረሰ ጊዜ ቤቱ ቢሄድም ቃሉ ግን አልሄደም፤ ዛሬም መካኒኩ «ካንዴላዋን አውጣት» ይላል።

የምነግራችሁ ታሪክ የደረሰው በቂርቆስ ሰፈር በጎረቤቴ ላይ ነው። ጎረቤቴ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገሉ፣ ጡረታቸው የቀረበ ሰው ናቸው። ሰፈርተኛው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። በዕድሜ እኔን የምትበልጥ አንዲት ፊያት አለቻቸው። ጧት ጧት ከቂርቆስ ተነሥተው በመስቀል አደባባይ አድርገው፣ በእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ዳገቱን ወጥተው ወደ ካዛንቺስ ይሄዳሉ፤ መሥሪያ ቤታቸው በዚያ በኩል ነው። ማታም በዚያው ይመለሳሉ።

እንግዲህ ይህች ፊያት አንድ ቀን በዳገቱ መካከል ትንተፋተፍና ትጠፋለች። ጋሼ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ቆመው ቁልፉን ቢያዞሩ ትነሣለች። ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ትጠፋለች። ጋራዥ ወሰዷት፤ ካርቡራተሯ ታጠበ፣ ካንዴላዎቿም ተለወጡ። ሦስት ሳምንት ደኅና ሄደችና አራተኛው ላይ ጠፋች። ሌላ ጋራዥ ወሰዷት፤ የቤንዚን ፓምፗ ተለወጠ። አሁንም ሦስት ሳምንት ደኅና ሄደችና ጠፋች። በሦስተኛው ጋራዥ ኮይሉ ተለወጠ። ኮይል ማለት የባትሪውን ዐሥራ ሁለት ቮልት ወደ ብዙ ሺሕ ቮልት አሳድጎ ለካንዴላ የሚልክ ዕቃ ነው። ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ሦስት ሳምንት እንደ ሰዓት ሠራች። ከዚያ እንደ ልማዷ ጠፋች።

በዚህ ጊዜ ጋሼ እንዲህ ሲሉ ዐሰቡ። አዲሱ ኮይል እንደ ገባ መኪናዋ ድና ነበር፤ አሁን ተመልሳ ታማለች፤ እንግዲያው አዲሱን አውጥቶ አሮጌውን የመለሰ ሰው አለ ማለት ነው። በመጨረሻ ኮፈኑን የዘጋው ማነው? የጋራዡ ረዳት፣ አንድ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነው። ጋራዡ ቀድሞ ካዛንቺስ የነበረ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ቂርቆስ የዞረ ነው፤ ልጁም ቀን እዚያ ይሠራል፣ ማታ ይማራል። ጋሼ ሄደው በሰው ፊት «ይህ ልጅ ኮይሌን ለውጦብኛል» አሉ። የጋራዡም ባለቤት ደንበኛውን ላለማስቀየም ብሎ ልጁን «ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ቤትህ ቆይ» አለው።

ይህ ልጅ እኔ ማታ ከማስተምራቸው አንዱ ነው። ሁለት ቀን ከክፍል ቀርቶ በሦስተኛው መጣና «መምህር፣ ትምህርቱን ልተወው ነው» አለኝ። ምክንያቱን ብጠይቀው ነገሩን ሁሉ አጫወተኝ። በመጨረሻም «አንድ ጊዜ ሌባ ከተባልኩ በኋላ በዚህ ሰፈር የመኪና ቁልፍ የሚያስይዘኝ ማነው?» አለ።

በበኩሌ ልጁ ንጹሕ ስለ መሆኑ ማስረጃ አልነበረኝም፤ ጋሼም ጥፋተኛ ስለ መሆኑ ማስረጃ አልነበራቸውም። ስለዚህ ጋሼ ዘንድ የሄድኩት ልከራከራቸው ሳይሆን አንድ ነገር ልለምናቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ማን እንደ ሆነ ከመጠየቃችን በፊት መቼ መቼ እንደምትጠፋ ለጥቂት ጊዜ ቢጽፉልኝስ?» አልኳቸው።

«አንተ ደግሞ፤ እንደ ፈለጋት ነው የምትጠፋው! ቀን አላት ብለህ ነው?» አሉኝ።

«ከሌላትም ሌላት እንደ ሆነ መዝገቡ ይነግረናል» ብላቸው፣ መዝገብ የሚለው ቃል ሳይማርካቸው አልቀረም፤ በማግሥቱ አንድ ደብተር ገዝተው በማስመሪያ ስድስት ዓምድ አሰመሩበት። ቀንና ሰዓት፤ ከተነሡ ስንት ደቂቃ እንደ ሄዱ፤ የቤንዚኑ መጠን፤ የአየሩ ሁኔታ፤ አጠፋፏ እንዴት እንደ ነበረ፤ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደ ተነሣች። ያልጠፋችባቸውንም ቀኖች እንዲጽፉ ለመንኳቸው፤ ምክንያቱም የደኅና ቀን ከሌለ የክፉው ቀን መለዮ አይታወቅም።

ሁለት ወር ጻፉ። ደብተሩን ባመጡልኝ ጊዜ ዝናብና ፀሐይ፣ ጧትና ማታ ልዩነት አላሳዩም። አንዱ ዓምድ ግን ጮኾ ይናገር ነበር። መኪናዋ ዘጠኝ ጊዜ ጠፍታለች፤ ዘጠኙም ጊዜ የጠፋችው ቤንዚኑ ከሦስት አራተኛ በላይ በሆነ ጊዜ ነው። ጋሼ ደመወዝ በተቀበሉ ማግሥት ታንኩን ሙሉ ይቀዳሉ፤ ወሩ እየገፋ ሲሄድ ግን አምስት አምስት ሊትር ብቻ ያስቀዳሉ። ይህን ባሳየኋቸው ጊዜ ሣቃቸው መጣና «እንግዲያው ይህች መኪና የምትታመመው ደመወዜን አይታ ነዋ!» አሉ።

የጥገናዎቹም ነገር በዚሁ ተገለጠ። ጋሼ መኪናቸውን ጋራዥ የሚወስዱት ኪሳቸው ሞላ ባለ ሰሞን፣ ማለት ደመወዝ በተቀበሉ በሳምንቱ ነው። ተጠግና ስትወጣ ታንኩ ጎድሏል፤ ከዚያ እስከ ወሩ መጨረሻ አይሞላም። ስለዚህ ካንዴላ ቢለወጥ ትድናለች፣ ፓምፕ ቢለወጥ ትድናለች፣ ኮይል ቢለወጥ ትድናለች። ምንም ባይለወጥም ትድን ነበር! መጣ ሄድ የሚል ሕመም ትልቁ ተንኰሉ ይህ ነው፤ በራሱ ጊዜ ሲሄድ ምስጋናውን ለመጨረሻው መድኃኒት ይሰጣል፤ በራሱ ጊዜ ሲመለስ ደግሞ እርግማኑን በመጨረሻው ሰው ላይ ይጥላል።

ነገር ግን ቤንዚን ሲያልቅ የምትጠፋ መኪና እናውቃለን እንጂ ቤንዚን ሲሞላ የምትጠፋ ምን ትባላለች? ለዚህ መልሱ በትምህርት ቤት ሁላችንም የተማርነው፣ ሮበርት ቦይል በ1662 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ ነው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ አየር ሙቀቱ ሳይለወጥ ስፋቱ ቢጨምር ግፊቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። የመኪና ታንክ ቤንዚኑ በጎደለ ቁጥር በምትኩ አየር የሚያስገባ መተንፈሻ ያስፈልገዋል፤ በብዙ አሮጌ መኪናዎች ይህ መተንፈሻ በክዳኑ ላይ ያለ ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ በሌሎቹ ደግሞ ቀጭን ቱቦ ነው። መተንፈሻው ተደፈነ እንበል። አርባ ሊትር የሚይዝ ታንክ ሞልቶ ሁለት ሊትር አየር ብቻ ቢቀረው፣ ሞተሩ ግማሽ ሊትር ሲጠጣ አየሩ ከሁለት ወደ ሁለት ተኩል ይሰፋል፤ ግፊቱም በግምት ወደ አራት አምስተኛ ይወርዳል። ታንኩ ግማሽ ቢሆን ግን ያው ግማሽ ሊትር ሃያውን ወደ ሃያ ተኩል ቢያደርሰው ነው፤ ልዩነቱ ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞላም። ከቤንዚኑ የሚነሣው ተን ጥቂት ቢያካክስም ነገሩ ያው ነው። ሙሉው ታንክ ቤንዚኑን ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ፓምፑ ወደ ፊት ይስባል፤ በመጨረሻም ፓምፑ ይሸነፋል። መኪናዋ ስትቆም አየር በክዳኑ ጎማ ሥር ጥቂት በጥቂት ሾልኮ ይገባና ትነሣለች።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗም ነገሩን ያብሰዋል። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ ውሃ በመቶ ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ይፈላል፤ ቤንዚንም እንደዚሁ ቶሎ ተን ይሆናል። ግፊቱ የቀነሰ ቤንዚን በጋለ ሞተር አጠገብ ሲያልፍ በቱቦው ውስጥ ተን ሆኖ መንገዱን ይዘጋል።

ይህ ሁሉ ግን ገና ግምት ነበር፤ ግምት ደግሞ ሌላ ኮይል እንጂ ሌላ አይደለም። ስለዚህ በሚቀጥለው ደመወዝ ማግሥት ጋሼ ታንኩን ሞሉና ቅዳሜ ጧት አብረን ወጣን። የጋራዡን ባለቤት አስፈቅደን ልጁንም ይዘነው ነበር። ጋሼና ልጁ ሰላምታ ብቻ ተለዋውጠው ዝም አሉ። ሁለት ጊዜ ዳገቱን ወጥተን ወረድን። በሦስተኛው ከእስጢፋኖስ ከፍ እንዳልን ተንተፋተፈችና ጠፋች። ጋሼ ዳር አስይዘው የእጅ ፍሬን ሳቡ፤ ልጁ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ።

ከዚያ ሥራውን ለእሱ ተውንለት። አንዱን የካንዴላ ገመድ ነቅሎ በያዘው ትርፍ ካንዴላ ላይ ሰካና ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቶ አስቀመጠው። ጋሼ ቁልፉን ሲያዞሩ ጥሩ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ። ኮይሉ ደኅና ነው! ልጁ ምንም አልተናገረም፤ ጋሼም ምንም አልተናገሩም። ቀጥሎ ልጁ የአየር ማጣሪያውን አንሥቶ የነዳጁን መርገጫ ምላስ በእጁ እየሳበ ወደ ካርቡራተሩ ጉሮሮ አየ፤ ቤንዚን የሚረጨው ቀዳዳ ደረቅ ነበር። በመጨረሻ ወደ ኋላ ሄዶ የታንኩን ክዳን ፈታው። «ፉሽ!» አለና አየር ወደ ውስጥ ሲገባ ሦስታችንም ሰማን። ዕቃውን ሁሉ ወደ ቦታው መልሶ ጋሼ ጥቂት ጊዜ ቢያስነሡት ሞተሩ ተነሣ።

ክዳኑን ገልብጠን ብናየው ቀዳዳ የሚባል የለውም። ጋሼ ትክ ብለው አዩትና ዝም አሉ። የቀድሞው ክዳን ጠፍቶባቸው ይህን ከመለዋወጫ ሻጭ የገዙት ራሳቸው ናቸው፤ መኪናዋም መጥፋት የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። ልኩ ስለ ገጠመ ሌላ ነገር ያለው አልመሰላቸውም። ሰኞ ጧት መሥሪያ ቤት ከመግባታቸው በፊት ወደ ጋራዡ ሄዱና ያን ቀን በነበሩት ሰዎች ፊት «ልጁ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። ይህን ለማለት በእሳቸው ዕድሜ ላለ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ያውቀዋል። ልጁ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ማታም ከክፍሉ አልቀረም።

አሁን ከዚህ ታሪክ ለባለ መኪና የሚጠቅመውን ልሰብስብ።

አንደኛ፤ አጠፋፏን አስተውሉ። ቁልፍ እንደ ተዘጋበት በአንድ ጊዜ ጭጭ ካለች ብዙውን ጊዜ ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪኩ ነው፤ ሲግል የሚደክም ኮይል ወይም ኮንደንሰር፣ የላላ ሽቦ፣ የዛገ ማሳ፣ ያረጀ የቁልፍ ቤት ሊሆን ይችላል። እየተንተፋተፈች ቀስ ብላ ከሞተች ጥርጣሬው ወደ ቤንዚኑ ነው፤ የተደፈነ ማጣሪያ፣ በታንክ ሥር ያለ ዝገት፣ በክረምት የገባ ውሃ፣ የተዘጋ መተንፈሻ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፤ ምርመራው መደረግ ያለበት እንደ ጠፋች እዚያው ነው። ከተነሣች በኋላ የሚደረግ ምርመራ ጤነኛን መመርመር ነው። ብልጭታ አለ? ቤንዚን ደርሷል? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ጥርጣሬውን በግማሽ ይቀንሱታል። ነገር ግን ጥንቃቄ አይለያችሁ፤ መኪናዋን ዳር ሳታስይዙ አትውረዱ፤ የብልጭታውን ሙከራ ካርቡራተሩ ሳይከፈት አድርጉት፤ የፈሰሰ ቤንዚን ካለ ጨርሶ አትሞክሩት፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አታስጠጉ፤ ገመዱን በባዶ እጅ አትያዙ። ክዳን ከፍቶ ማዳመጥም ለሙከራ ነው እንጂ ክዳን ከፍቶ መንዳት እሳት መጋበዝ ነው።

ሦስተኛ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ የተለወጠውንም አሮጌ ዕቃ ተቀብላችሁ አስቀምጡ። ጋሼ አሮጌውን ኮይል ከጋራዡ ተቀብለው ቢሆን ኖሮ ልጁን ለመጠርጠር ምክንያት አያገኙም ነበር።

አራተኛ፤ «መቼ ጀመረች?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት መኪናዋን የነካውን ሁሉ፣ የራሳችሁን እጅ ጨምራችሁ፣ ቍጠሩ።

በዛሬዎቹ መኪናዎች ካርቡራተር የለም፤ ብልሽቱን መዝግቦ የሚይዝ ኮምፒውተር አላቸው። ቢሆንም በእነሱም ቢሆን ሲግል ብቻ የሚሰንፍ ሴንሰር መኪና ያጠፋል፤ ኮምፒውተሩም አንዳንድ ጊዜ ምንም ሳይመዘግብ ያልፋል። ስለዚህ ደብተሩ አሁንም አላረጀም።

ለተማሪውና ለመንግሥት ሠራተኛው ወንድሜና እኅቴ የምለው ደግሞ ይህ ነው። ሁልጊዜ የሚያንቀላፋ ተማሪን ሰነፍ ማለት ይቻል ይሆናል፤ ሰኞ ሰኞ ብቻ የሚያንቀላፋውን ግን እሑድ ማታ ምን ሲሠራ እንደሚያድር ሳይጠይቁ መፍረድ አይገባም። ከመዝገብ ቤት አልፎ አልፎ ፋይል ቢጠፋ፣ በመጨረሻ የፈረመውን ተላላኪ ከመክሰስ በፊት የጠፉትን ፋይሎች ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን መጻፍ ይሻላል። ምናልባት የሁሉም ቀን አንድ ዓይነት ይሆንና፣ ማንንም ሳንጠይቅ ወረቀቱ ራሱ ይመልስልናል።

ጥፋት መጣ ሄድ ሲል ልባችን ቶሎ «ማነው?» ይላል፤ ምክንያቱም ሰው በዓይን ይታያል፣ ምክንያት ግን አይታይም። «መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ወጪው ግን የአንድ ደብተር ዋጋ ብቻ ነው። ኮይል ከደብተር ይወደዳል፤ የሰው ስም ደግሞ ከኮይል። ኮይል ቢበላሽ ከመለዋወጫ ሱቅ ይገዛል፤ ስም ግን በየትኛውም ሱቅ አይሸጥም።